አብሮ የሚሰበር

ዘጠኝ ሺህ መስመር ነው፣ ባንድ ፋይል የታጨቀ፣
ምስሉ ከድምፁ ጋር ሥሩ የተጣበቀ፤
ማሚቶ አጥፊው መሐል የደዋይ ስም ገብቶ፣
ሰዓቱ ከቁልፉ ክር በክር ተጋብቶ፣
አንዱን ጎን ብትነካው በሌላው ጎን ያማል፤
አዌቱ ዳር ሲያስሉ ጅሬን ላይ ይሰማል።

ክፍት ምንጭ ነው ሥራው፣ አጥርም በር የለውም፤
ሁሉ አምጥቶ ይጥላል፣ የሚያነሳ የለም።
እኔ ቀረሁ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ፣
በሰርግ ማግስት ጠዋት መጥረጊያ እንደሚይዝ
የሙሽራው ታናሽ።

ፎልደር ከፈትሁ፦ «ድምፅ»። ቀጥሎ «ምስል»።
ሦስተኛው «ጥሪ» ነው፤ ማን ለማን ደወለ፣
ማን አነሳ፣ ማን ዘጋ፣ ማን መስመር ላይ አለ።
አራተኛው፣ ሳላስበው፣ «ልዩ ልዩ» ሆነ።

«ልዩ ልዩ»ን ታውቁታላችሁ፤
በየመሥሪያ ቤቱ ቁልፉ የጠፋ መሳቢያ፣
ስም ላጣ ነገር ሁሉ የዕድሜ ልክ ማረፊያ።
በሦስተኛው ቀን ከሁሉም እሱ ወፈረ።

እዚያ ውስጥ አገኘኋት፣ አርባ መስመር አትሞላም፤
ዘግይቶ ለመጣ ድምፅ በሩን ቶሎ አትዘጋም፤
ፊትና ኋላው የተምታታን ቃል
ተቀብላ፣ አሰልፋ፣ ታስገባለች በተራ፤
ከልኩ ካለፈ ግን «ቀረ» ብላ ትዘጋለች፣ ዳግመኛ ሳትጣራ።
ልኩም ሁለት መቶ አርባ ሚሊ ሰከንድ።
ለምን ሁለት መቶ አርባ? አንድም ማብራሪያ የላት።
የጸሐፊዋ ስም ብቻ፦ ሸምሱ አባ ራያ።

ከማላውቀው አገር፣ ስሙን በቁጥር የሚጽፍ አንድ ባልደረባ
«ስልሳ ይበቃል» አለ። «ከየት መጣ ሁለት መቶ አርባ?»

ሐሙስ ነው፤ የሂርማታ ገበያ መንገዱን ሞልቶታል።
ሸምሱ ኮድ ከተወ ሦስት ክረምት አልፎታል፤
የባጃጅ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሱቁ ከመሳቢያ አይሰፋም።
ጣሳ በጣሳ ነው፦ የወተት፣ የቲማቲም፣ የቀለም።
አንዱ ውስጥ አየሁ፦ ሞላ፣ ሽቦ፣ ሸራ፣ የጎማ ቀለበት፤
ዘሩ የማይዛመድ፣ ልኩ የማይገጥምበት።
«ይሄማ ልዩ ልዩ ነው» አልሁት። ሳቀብኝ።

«ብረቱን ከብረት፣ ጎማውን ከጎማ
ለይቼ ነበረ ሱቁን ስከፍትማ።
ባለባጃጁ ግን ‹ፍሬኔ እምቢ አለ› ብሎ ይመጣል፤
አብሮ የሚሰበር አብሮ ይቀመጣል።»

ስለ ቁጥሯ ጠየቅሁት። እጁን በጨርቅ አሸ፤
ጨርቁ ከእጁ ይልቅ ቅባት ነበረው።

«እናቴ ሊሙ ናት። ኔትዎርክ የሚመጣው
ከበረቱ ጀርባ፣ ጉብታው ላይ ብቻ ነው።
ስልክ ገዛሁላት፣ የኛኑ መተግበሪያ ጫንሁላት፤
እዚያ ቆማ ስትደውል ‹እንዴት ነሽ?› አልኋት፤
‹ፈያ› አለችኝ፣ ደህና። ደስ ብሎኝ ተሰናበትኋት።
ሁለት ሳምንት እንዲህ። ለካስ ከ‹ፈያ› ኋላ
‹ሚቲ› ነበረች፣ ‹አይደለሁም›፣ መንገድ ላይ ቀርታ፣
በሩን ዘግቼባት።
ሄጄ ነው መክሳቷን በዐይኔ ያየሁት።
ከዚያ ስሞክር ነጋ፤ መቶ፣ መቶ ሰባ፤
‹ሚቲ› ጆሮዬ የገባችው በሁለት መቶ አርባ።»

«አሁንስ?» አልሁት።
«አሁንማ ጎረቤት ትሳደባለች፤ አንድም ቃል አይጠፋም።»

ማታ «ልዩ ልዩ»ን ከሥሩ ነቀልሁ።
ከቆጣሪው፣ ከሰዓቱ፣ ከሰልፍ አስያዡ፣
አብረዋት ከሚሰበሩት ጋር አንድ ጣሳ ሰጠኋት፤
ከቁጥሩ በላይ አንዲት መስመር ጻፍሁላት፦
«ሊሙ፣ ከበረቱ ጀርባ። አትቀንሱ።»

ያ በቁጥር የሚጠራው ወዲያው ጠየቀ፦ «ሊሙ ምንድን ነው?»
መልሱን ስጀምር
ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ፤ መብራት ሄደ፤
ራውተሩ ዐይኖቹን አንድ በአንድ ጨፈነ።
መልሴ ይዘገያል።
ይጠብቅ።